ወስፌውን አልሰካም ያሉት መምህርት

መምህርት አስካለን ባለፈው ሐሙስ ቀበርናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ወጣት የእህታቸው የልጅ ልጅ ነው አሉ። ድምፁ መልካም ነው፣ ንባቡም አይደናቀፍም። የተወለዱበትን አንኮበርን ጠራ፣ ባሕር ማዶ መማራቸውን ጠቀሰ፣ ያስተማሩበትን ዘመን ቆጠረ። ሁሉም ደህና ሄዶ ሄዶ መጨረሻው ላይ «ትሑት፣ ታዛዥና ከሰው ተግባቢ ነበሩ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ።

እኔ እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ ደሜ ፈላ። ታዛዥ? ማን? መምህርት አስካለ? ባለቤቴ ጋቢዬን ጎተት ባታደርገው ኖሮ የሰው ልቅሶ ላይ ቅሌት ልሠራ ነበር። ቤት ገብቼም አልወጣልኝ አለ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። አይቀየመኝ፤ እሱ የሚያውቃቸው ካረጁ በኋላ ነው። እኔ የማውቃቸውን ልንገረው።

ጊዜው ደርግ ነው፣ ወደ ማብቂያው ገደማ። ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ሃያ አራት የሒሳብ አስተማሪዎች ተመርጠን ለክረምት ሥልጠና ደብረ ብርሃን ገባን። ሥልጠናው «የኮምፒዩተር ትምህርት መግቢያ» ይባል ነበር። ከሃያ አራታችን ኮምፒዩተር በዓይኑ ያየ አንድም ሰው የለም። እኔ ከደብረ ሲና ነው የሄድኩት፣ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ከአባቴ የስፌት መኪና ሌላ የማውቀው መኪና ቢኖር በራችን ላይ የሚያልፈው ባለ ተሳቢ ነው። ማሽኑ በመንገድ ላይ ነው ተባልን። መጀመሪያ አሰብ ወደብ ደረሰ ተባለ። ቀጥሎ ደሴን አለፈ። ሐምሌ ሲጋመስ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞታል አሉን። እኔ የጣርማ በርን ጉም ሳይ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መኪና ቢይዝ ቢይዝ ግማሽ ቀን ነው። ለዚያ ኮምፒዩተር ግን እስከ ዛሬ አልገለጠለትም።

መምህርት አስካለ አልጠበቁትም። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ክንዳቸው የሳሙና ካርቶን አቅፈው፣ በሌላው እጃቸው ሰፌድ የሚሰፋበት ወስፌ ይዘው ገቡ። አጭር ናቸው፣ ቀጭን፣ ከብርዱ የተነሳ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው። ዕድሜያቸው አርባን ዘለል ያለ ነው። ከሶሻሊስት አገር የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሰው የመጡ መሆናቸውን ሰምተን ስለነበር ቋንቋ ቀላቅለው ያስቸግሩናል ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው እቴ! አማርኛቸው ያው የአንኮበር አማርኛ ነው፣ ተረቱ ከነ ምሳሌው።

ካርቶኑን በመጫወቻ ካርታ ልክ አስቆረጡን። በየካርዱ ጠርዝ ላይ በወስፌው አራት አራት ቀዳዳ ወጋን። አንዱ ቀዳዳ አንድ ጥያቄ ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ከቀዳዳው እስከ ጠርዙ በመቀስ ይቆረጣል፤ «አይደለም» ከሆነ ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። ካርዶቹን ሰብስበህ፣ ወስፌውን በአንዱ ቀዳዳ አሳልፈህ ከፍ ስታደርግ ያልተቆረጡት ወስፌው ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ የተቆረጡት ጠረጴዛው ላይ ይረግፋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት በግ ለየንበት፤ የሚሸጠውን ከሚረባው፣ የተሸለተውን ካልተሸለተው። እንደ ሕፃን ነው የተደሰትነው። «ኮምፒዩተር ይኸው ነው» አሉን። «ከዚህ የሚለየው ባለመድከሙ ብቻ ነው።»

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው ያልጣማቸውን ነገር ሲናገር አይቆጡም፤ ጠመኔውን ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ይከቱታል። ጠመኔው ኪስ ከገባ ያ ነገር ሳይፈታ ትምህርት የለም። ደወል ተደወለ አልተደወለ ጉዳያቸው አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት በጉ ቀረና ሰው መጣ። የአንድ ቀበሌ ሃያ አባወራ ሰሌዳው ላይ ዘረዘሩልንና የእርዳታ እህል ለማን እንደሚሰጥ በካርድ ለዩ አሉን። እኛም ብልጥ ነን፤ «ቤት አለው ወይ?» የሚል ቀዳዳ አበጀን። ቤት ያለው ይውደቅ፣ የሌለው ይቀበል። ወስፌው ሲነሳ ከወደቁት መካከል ጣሪያዋ ወርዶ ከልጆቿ ጋር በዝናብ የምታድር መበለት ተገኘች። ቤት አላት፣ ምን ይደረግ! ከሰላ ድንጋይ የመጣው ባልደረባችን፣ ግዙፍ ሰው ነው፣ «እኛ ምን እናድርግ፣ ካርዱ ነው የጣላት» አለ።

ጠመኔው ኪስ ገባ። ወስፌውን አንስተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«በል ጠይቀው» አሉት። «መበለቲቱን ለምን ጣልካት በለው።»

ያ ሁሉ ሰውዬ ወስፌ ይዞ ቆሞ ቀረ። እኛ ሳቅን፣ እሳቸው አልሳቁም።

«ወስፌ ሎሌ ነው፤ ሎሌ አይጠየቅም፣ የላከው ነው የሚጠየቀው። እናንተ ነገ ልጆች ፊት ትቆማላችሁ። ማሽን እንዴት እንደሚለይ ብቻ አስተምራችሁ ከወጣችሁ ድካሜ ሁሉ ገደል ገባ። ልጁ የወደቀውን ካርድ ከመሬት አንስቶ ማን ነው ይህ ሰው ይበል። ማን ቆረጠው ይበል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ፤ ካርድ የሚቆርጥ ሁሉ ከጀርባው ስሙን ይጽፋል። አጉረመረምን። ሥራ በዛብን፣ ደግሞም በዚያ ዘመን ስምን በሆነ ባልሆነው ላይ ማስፈር አልወደድንም። አንዱ በዕድሜ የገፋ ሰልጣኝ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ተረተ። መምህርት ወደ እሱ ዞር ብለው ጎተራውን ከፍቶ አይቶ እንደሆነ ጠየቁት።

ከሁላችንም ይበልጥ ይህ ትምህርት የገባት ዘይነባ ነበረች። የአልዩ አምባ ልጅ ናት። አባቷ በአንድ አህያ ጨውና በርበሬ እያወጣ እያወረደ ያሳደጋት ሰው ነው፤ ያኔ ዓይኑ ደክሞ እሷ ነበረች የምትጦረው፣ ገበያም መስጊድም የምታደርሰው። ለክረምቱ ለጎረቤት አደራ ብላው ነው የመጣች። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ መምህርትን ትሞግታቸዋለች። የመበለቲቱ ቀን፣ «ጥያቄው ራሱ ነው የተበላሸው፣ ቤት አለው ወይ ሳይሆን ቤቱ ያሳድራል ወይ ተብሎ ይጠየቅ» ያለችው እሷ ናት። መምህርት ጠመኔውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት፣ ተነስታ ጻፈችው። ያን ቀን ቀናሁባት።

ነሐሴ ሲገባ መመሪያ መጣ። የመደብ ጀርባቸው የማያስተማምን ሰልጣኞች ተለይተው ከሥልጠናው ይውጡ፣ ወደ ሩቅ የሰፈራ ጣቢያዎች ይመደቡ ይላል። ሰፈራ ጣቢያ ማለት ያኔ ቆላ ነው፣ ወባ ነው፣ መመለሻው የማይታወቅ ነው። የሥልጠናው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ መኩሪያ ይህን ሥራ በሳይንሳዊ ዘዴ እናከናውናለን አለ። ሳይንሳዊ ያለው የእኛን ካርድ ነው! ሃያ አራት ሰው እኮ በጣት ይቆጠራል። ግን በጣት ከተቆጠረ ጣቱን የቀሰረ ሰው አለ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ያን አልፈለገም።

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን ሌላውን ካወራሁ እሱን አልደብቅም። ጓድ መኩሪያ አንድ ከሰዓት ቢሮው ጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ። «የመቀስ እጅህ ንጹሕ ነው አሉኝ» አለ። ስንመዘገብ የሞላናቸውን ቅጾች ዘረጋልኝ። የወላጅ ሥራ የሚለው ላይ ሦስት ሳጥን ብቻ ነው ያለው፤ ገበሬ፣ ሠራተኛ፣ ነጋዴ። ነጋዴ ያለውን ሁሉ ቁረጥ አለኝ።

ቆረጥኩ። ሰባት ካርድ። አራተኛው የዘይነባ ነበር። አባቷ ከአንድ አህያ በቀር የሌለው ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ባለ ሁለት ከባድ መኪና አባት ያለው የአገሬ ልጅ «ሠራተኛ፣ ሾፌር» ብሎ መሙላቱንም አውቃለሁ። የእኔም አባት የሰፋውን ልብስ በረንዳ ላይ ሰቅሎ ይሸጣል፤ እኔ ግን ሠራተኛ ብዬ ነው የሞላሁት። እውነቱን የጻፈች እሷ ናት። ቅጹን የሞላችው ራሷ ናት፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ቆረጥኩት። ከጀርባው ስሜን ልጽፍ ስል ጓድ መኩሪያ ይህ የኮሚቴ ሥራ ነው፣ አያስፈልግም አለኝ። ደስ አለኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰቡን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከፊት ጓድ መኩሪያ፣ የኮሚቴው ጸሐፊና ከአውራጃው የመጣ አንድ ተወካይ ተቀምጠዋል። ጓድ መኩሪያ አጭር ንግግር አደረገ፤ በዚህ አሠራር አድልዎ የለም፣ ቂም የለም፣ የሚለየው ዘዴው ነው አለ። ከዚያ ካርዶቹን መምህርት አስካለ ፊት አኖረና ወስፌውን በሁለተኛው ቀዳዳ እንዲሰኩት ጠየቃቸው። ዘይነባ ፊት ወንበር ላይ ናት። እዚያ ክምር ውስጥ ምን እንዳለ ከእኔና ከኮሚቴው በቀር የሚያውቅ የለም።

መምህርት ወስፌውን አነሱ። ከመሰካታቸው በፊት የላይኛውን ካርድ ገለበጡት። ሁለተኛውን ገለበጡት። ክምሩን ሁሉ አንድ በአንድ ገለበጡት። ከዚያ እጃቸው ወደ ሹራባቸው ኪስ ሄደ፤ ጠመኔ እንኳ አልያዙም ነበር።

«እነዚህን ማን ቆረጣቸው?»

«ኮሚቴው ነው» አለ ጓድ መኩሪያ።

«ኮሚቴ መቀስ ሲይዝ አይቼ አላውቅም። የሰው እጅ ነው የምጠይቀው።»

ተወካዩ ሰዓቱን አየ። መምህርት አይናገሩም፣ አይቀመጡም፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ መቼም ጀግንነት አልነበረም፣ ያን ዝምታቸውን አልቻልኩትም። ብድግ ብዬ እኔ ነኝ አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ዘይነባ ብቻ አልዞረችም።

«ማን ቁረጥ አለህ?» አሉኝ፣ ያለ ቁጣ። ጓድ መኩሪያን ጠቆምኩ። «መልካም፤ ሁለታችሁም ኑና ከጀርባው ጻፉ።»

ሄጄ ጻፍኩ። ሰባት ጊዜ ስሜን ጻፍኩ፤ አራተኛው ላይ ስደርስ ጽሕፈቴ ተበላሸ። ስጨርስ እስክሪብቶውን ጓድ መኩሪያ ፊት አኖሩለት። እሱ አየው፣ አልነካውም። ይህ ከበላይ አካል የመጣ መመሪያ ነው አለ። እንግዲያው የበላይ አካሉ ይምጣና ይጻፍ፣ እጠብቃለሁ አሉት። ወንበር ስበው ወስፌውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ቀብሩ ላይ ያነበበው ያ ልጅ ይህን አላየም! እኛ አይተናል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። ጓድ መኩሪያ አንዴ በጎ፣ አንዴ ክፉ እየሆነ ለመናቸው፣ አስፈራራቸው። በመሃሉ ጸሐፊው ፈርም ተባለ፤ እሱ ተወካዩን አየ። ተወካዩ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ባርኔጣውን አነሳና ወጣ። ፈሪዎች ስለነበሩ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ዛሬ ተራማጅ የተባለ ነገ አድኃሪ ይባላል፤ የፈረመበት ወረቀት ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ሁሉም፣ ሰው እንዲወድቅ ይፈልጋል፤ እኔ ጣልኩት የሚል ግን የለም።

በመጨረሻ ጓድ መኩሪያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ አስካለ፣ ይህ እምቢታ የሚያስከትልብዎትን ያውቁታል?»

«አሳምሬ!» አሉ። ከደብተራቸው አንድ ቅጠል ቀደዱ፣ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ለእሱ ከመስጠታቸው በፊት ጮክ ብለው አነበቡልን። «ወስፌውን አልሰካም ያልኩት እኔ አስካለ ነኝ። ያስገደደኝም ያሳመጸኝም የለም።» ወረቀቱን ዘረጉለት። «ማን ነው እምቢ ያለው ብለው ሲጠይቁዎት እንዳይቸገሩ።»

ጓድ መኩሪያ ወረቀቱንም ካርዶቹንም ሰብስቦ ወጣ። እነዚያን ካርዶች ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። ፈራሚ ስላልተገኘ ከሃያ አራታችን አንድም ሰው አልወጣም፤ መመሪያው አንዱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ሥልጠናው አለቀ። ዘይነባ ወደ አባቷ ተመለሰች።

አዳራሹ ሲበተን እኔ ሹልክ ልል ስል መምህርት ጠሩኝ። ሄጄ ለዘይነባ እንድነግራት አዘዙኝ። እዚያው ነበረች፣ ሁሉንም ሰምታለች አልኳቸው።

«ለእኔ ስትነግረኝ ሰማች እንጂ ለእሷ አልነገርካትም» አሉኝ።

ቦኖው ጋ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። ነገርኳት፤ ካርድሽ አራተኛ ነበር፣ አባትሽን እያወቅሁ ቆረጥኩት አልኳት። ጀሪካኗ እስኪሞላ ጠበቀች። ክዳኑን አጠበቀች። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ተሸክማ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል እየተማርን፣ አንድ ማዕድ እየቀረብን አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ይገባኝ ነበር።

የመምህርት የዝውውር ደብዳቤ ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል መጣ። በሰላ ድንጋይ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ እንዲሆኑ ተመደቡ። የኮምፒዩተር ምሁር አራተኛ ክፍል! ሊያዋርዷቸው ነው። እሳቸው ደብዳቤውን አንብበው፣ «ደግ ነው፣ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ገና ለምን ማለት አልተወም» አሉን። መንግሥት እስኪለወጥ እዚያው አስተማሩ። ኋላ ደብረ ብርሃን ተመልሰው፣ ሌላ እውነተኛ ማሽን ከመጣ ወዲያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኮምፒዩተር አስተማሪዎችን ሲያሠለጥኑ፣ ከማሽኑ በፊት ካርቶንና መቀስ ያስይዙ ነበር ይባላል።

የሄዱበት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለሽኝት የሚወጣ ሰልጣኝ ስሙ ይመዘገባል ተብሎ ከዋዜማው ተነግሮናል። ወሬ አልነበረም፤ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው የጭነት መኪና አጠገብ የኮሚቴው ጸሐፊ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል። መምህርት ጋቢና ውስጥ ገብተዋል፤ ሻንጣቸው ከኋላ ሸራ ለብሷል። እኛ ሁላችንም መጥተናል፣ ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ሱቅ ክፈፍ ሥር ተኮልኩለን ቀረን። መኪናው እዚያ፣ እኛ እዚህ፤ በመሃል አሥር እርምጃ የማይሞላ ጭቃ። የሚሻገር ጠፋ። መምህርት በመስኮቱ አይተውን በእጃቸው ሂዱ፣ ሂዱ አሉን።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ያን ጊዜ ዘይነባ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠበቅ አድርጋ ወደ ጭቃው ገባች። በቀጥታ ወደ መስኮቱ የምትሄድ መስሎን ነበር፤ እሷ ወደ ጸሐፊው ሄደች። ሊጽፍ ሲያጎነብስ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደችው። ደብተሩን እጁ ላይ እንዳለ ወደ ራሷ አዙራ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፈች። መምህርት በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ።

ዘይነባ እስክሪብቶውን ለባለቤቱ አልመለሰችም። ወደ ሱቁ ዞረች፣ ሃያ ሦስታችንን በዓይኗ አለፈች፣ እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። እስክሪብቶውን ከወዲያ ማዶ ሆና ዘረጋችልኝ።

«ና ጻፍ» አለችኝ።